አምፕሊፋየሬ ማጉረምረሙን አልተው አለኝ፣ እስቲ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ ኤሌክትሮኒክስ መነካካት ነፍሴ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ።

ቲዲኤ 2030 በሚባል አይሲ (ድምፅ በሚያጎላ ቺፕ) ትንሽ አምፕሊፋየር ሠራሁ። ትራንስፎርመሩን ያወጣሁት ከተበላሸ ቴፕ ነው፤ 220 ቮልቱን ወደ 12 ያወርዳል። ከዚያ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይሩ 4 ዳዮዶችና ዲሲውን የሚያስተካክል 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አለው። ጠረጴዛ ላይ ስሞክረው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። እናቴ ሳትቀር የቡና ስኒዋን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። ደስታዬ ግን ከአንድ ሌሊት አላለፈም። በነጋታው እንጨት ሣጥን ውስጥ ስገጥመው "ህምምም" ማለት ጀመረ።

ካፓሲተሩን በ2200 ቀየርኩት፤ ምንም ለውጥ የለም። የገረመኝ ይሄ ነው፦ የድምፅ መጨመሪያውን ብረት በጣቴ ስነካው ጭጭ ይላል። ጣቴን ሳነሳ ወዲያው ይመለሳል።

የጠረጠርኩት ግራውንዱን (የሰርኪዩቱን የጋራ ዜሮ ቮልት መስመር) ነው። የመጨመሪያውን ብረት ከግራውንድ ጋር ልበየደው? ግራውንዶቹን ሁሉስ አንድ ነጥብ ላይ ልሰብስባቸው? ሣጥኑ ጠባብ ስለሆነ ትራንስፎርመሩ ከድምፅ መግቢያው ሽቦ 3 ሴንቲ ሜትር አይርቅም፤ እሱም ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ባለፈው ሳምንት በችኮላ አንድ አይሲ አቃጥያለሁ። ይሄኛውን ከመፍታቴ በፊት የሞከራችሁት ካላችሁ፣ በየቱ ልጀምር?