ከጅማ በቪትዝ ወደ አፋር፣ ለሁለት ሰው፣ በስድስት ቀን ይሆናል?

ጀበናዬ
ሰላም ለዚህ ቤት። ከጅማ ነው የምጽፈው። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ነው፤ ጫጉላችንን የቤት ኪራይ በላው። አሁን እቁብ ወጣልንና አሮጌ ቪትዝ ገዛን፤ ለጥር መጨረሻም የስድስት ቀን ፈቃድ አግኝተናል።

እሱ ግመሎች ጨው ተጭነው በጠባብ የድንጋይ ሸለቆ ሲያልፉ የሚያሳይ ፎቶ አይቶ "እዚህ ካልሄድን" ብሏል፤ የሳባ ሸለቆ ይሉታል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በዝናብና በጭቃ የጨረስኩ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ቅጠል የሌለበት አገር ማየት አምሮኛል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ጊቤ በረሃን በአውቶቡስ ሳልፍ እንኳ ነጠላዬን በውኃ ነክሬ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ነው።

ቪትዝ የት ድረስ ይሄዳል? በእግር የሚወረድበት ሸለቆስ የት አለ? እሱ መራመድ ይወዳል፤ እኔ ጅሬን አባ ጅፋር ግቢ ስወጣ ሁለቴ አርፋለሁ። ምግቡንም ንገሩኝ፤ የግመል ወተት ያስፈራኛል። እናቴ ደግሞ "መሬቱ ይንቀጠቀጣል አሉ" ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ጀበናዬን ይዤ ልሂድ ወይ የሚለውም ጥያቄ ነው፣ አትሳቁ።

ተሳቢ ነጂ
እህቴ፣ በጅቡቲ መስመር 22 ዓመት ነድቻለሁ። ቪትዟ አስፋልት ካልለቀቀች ሰመራም ትደርሳለች። ጥያቄው ስድስት ቀኑን ምን ላይ ታጠፉታላችሁ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ አዋሽ 225፣ ከአዋሽ ሰመራ ደግሞ ሌላ 350 ያህል። ደርሶ መልሱን ደምሪው። መሪ ስትጨብጡ ከርማችሁ ትመለሳላችሁ።

የባልሽ ፎቶ ያለው ሌላ ጫፍ ነው፣ በሰሜን አፋር ዳሎል በኩል፣ ሐመድ ኢላ መንደር አጠገብ። ያ የአርሆ፣ የጨው ጫኝ ሲራራዎች፣ መንገድ ነው፤ ፈቃድና የአፋር መሪ ይፈልጋል፣ በራሳችሁ ቪትዝ የሚሞከር አይደለም። ለዘንድሮ ተዉት። አዋሽ ሰባት ኪሎ እደሩና ፓርኩ ውስጥ የአዋሽን ገደል ውረዱ። ስካውት ይሰጧችኋል። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራችሁ እስከ ሦስት ሰዓት ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩ ራሱ እንደ ምጣድ ነው። ፏፏቴው ሥር ውኃው ቢያምርሽም እግርሽን እንዳትነክሪ፣ አዞ አለ። ሜዳው ላይ ሳላ የሚባለውን የዱር እንስሳ ታያላችሁ፣ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለ።

ለመኪናዋ፦ የጎማ ንፋስ በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ያረጀ ጎማ ካለ እዚያው ጅማ ቀይሩት፤ በረሃ ላይ ጎሚስታ ፍለጋ መቆም ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ራዲያተር እየሞቀ ክዳኑን እንዳይከፍት ንገሪው። ከሁሉ በላይ ግን ሲመሽ አትንዱ። ግመል በጨለማ አይታይም፤ ስትደርሺበት እግሩ ብቻ ነው ፊትሽ የሚቆመው።

የእናትሽ ነገር ከንቱ ስጋት አይደለም። በ2017 ታኅሣሥና ጥር እዚያው አዋሽ ፓርክ አጠገብ፣ ፈንታሌ ተራራ አካባቢ ደጋግሞ ተንቀጥቅጦ ስንት ሰው ከቤቱ ወጥቷል። በኅዳር 2018 ደግሞ ወደ ኤርታሌ በኩል ሐይሊ ጉቢ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አፍዴራን አመድ አልብሷት ነበር። ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ አጣሩ፤ እዚያ ስትደርሱም ሰው ጠይቁ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ወሬ መቀባበያ አላቸው፤ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ያየውን ሳይነጋገር አያልፍም። እኔ ከስልኬ ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ቀልደኛው
ቪትዝ ለበረሃ? ባልሽ በግመል ፎቶ ተታሎ አንቺን ሊያስገፋሽ ነው።

ፈረንጅ አራዳ
የአገሬ ልጅ! እኛም ከጅማ አምና ሄደን ነበር፣ እስከ ሎግያ። ተሳቢ ነጂ ልክ ነው፣ እኛ በመንገድ ነው የደከምነው። ግን ስለ ሆድ እኔ ልንገርሽ።

ባለቤቴ ጎበዝ ልሁን ብሎ የግመል ወተት አንድ ትልቅ ጣሳ ጨለጠ። ጭስ ጭስ ይላል፣ ዕቃውን ስለሚያጥኑት፤ ይጣፍጣል፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ግን እስከ ሚሌ አራት ጊዜ አስቆመኝ፤ ጥላ የሚሆን ቁጥቋጦ እንኳ በሌለበት አገር! ላልለመደው ሆድ እንዲያ ነው። አንቺ ግማሽ ሲኒ ቅመሺ፣ መንገድ በማትሄዱበት ቀን።

የፍየል ሥጋው በጋለ ድንጋይ ላይ ነው የሚጠበሰው፣ ቅመም የለውም፤ እኔ ከጅማ ሚጥሚጣ ይዤ ሄጄ ሳላወጣው ተመለስኩ። ሎግያ ላይ እንደ የመኖች ለሁለት ተሰንጥቆ ምድጃ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ ከትልቅ ቂጣ ጋር በላን። ሙክባዛ ካገኘሽ አትለፊው፣ ቂጣ በማር የታሸ ነው፤ እኔ የጅማ ማር ያደገብኝ ሴት እንኳ ወድጄዋለሁ። ስትሄዱ ወልቂጤ ክትፎ ብሉ፣ ስትመለሱ ጊቤ ላይ ማንጎ ግዙ።

ሌላው፣ መተሐራ አካባቢ ከረዩዎች ናቸው፤ በኦሮምኛችን በደንብ ተግባብተናል። አንዲት እናት "ቡና አገር ነሽ?" ብለው እጄን ሳሙኝ። ስለዚህ ጀበናሽን ያዢ! ቡናውንም ቆልተሽ።

ጀበናዬ
ጋሼ ተሳቢ ነጂ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ያሉኝን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ለአንድ ሰዓት ያህል አኮረፈ፣ ከዚያ ወጥቶ የኋላ ጎማዎቹን አየና "እውነት ነው፣ አልቀዋል" ብሎ ተመለሰ። አዋሽ ሦስት ሌሊት ልናድር ተስማምተናል፤ ሳባ ሌላ እቁብ ሲወጣ። ፈረንጅ አራዳ፣ የባልሽን ነገር ለእሱ አልነገርኩትም፤ እሱም ትልቅ ጣሳ የሚያነሳ ዓይነት ነው፣ ልየው ብዬ ነው። የት ሰፈር ነሽ ግን? ቡናው እኔ ጋ ይቆላ።