እሁድ ማታ ሆዱን ይዞ ያለቅሳል፤ ከትምህርት ቤት ላስወጣው?

ጥያቄ (እናት ከአያት፣ አዲስ አበባ)
ሰላም ቤተሰብ። ልጄ 8 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ዘንድሮ አካቶ ትምህርት ያለበት (አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚማሩበት) የመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ገባ። መስከረም ላይ ደህና ነበር። አሁን እሁድ ማታ ሆዱን ይዞ ያለቅሳል፤ ጠዋት ዩኒፎርሙን ሳወጣ አልጋ ስር ይገባል። ብዙ ስለማያወራ ምን እንደሆነ አይነግረኝም። ባለቤቴ "ይቅርበት፣ ቤት ይቀመጥ" ይላል። አማቴ ጸበል ይሂድ ትላለች። የ11 ዓመት እህቱ እዚያው ስለምትማር በእረፍት ሰዓት እሷ ናት የምትጠብቀው። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይሻለኛል?

የልዩ ፍላጎት መምህርት
እህቴ፣ ከማስወጣትሽ በፊት ከቀኑ የትኛው ሰዓት እንደሚያስፈራው አጣሪ። ብዙ ጊዜ ትምህርቱ አይደለም። አንድ ተማሪያችን በር ላይ ሲደርስ ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ ይል ነበር። ለካ የጠዋት ሰልፉ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ይረብሸዋል። ባንዲራ ተሰቅሎ ልጆቹ ክፍል ከገቡ በኋላ እንዲመጣ ተፈቀደለት፤ ቀስ በቀስ ተረጋጋ።

ሌላው ሽንት ቤት ነው። በእረፍት ሰዓት ግፊያውን ፈርተው የማይገቡ አሉ። ቀኑን ሙሉ ይዘውት ውለው ሆዳቸውን ቢያማቸው ምን ይገርማል? የሽንት ቤት ሥዕል ያለበት ትንሽ ካርድ ሥሪለት። ለመምህሩ ያሳይና ሌሎቹ ክፍል ውስጥ እያሉ ይሂድ።

ደግሞ መምህሩን በር ላይ አታናግሪው፤ ቀጠሮ ያዢ። ግለሰባዊ የትምህርት እቅድ፣ ማለትም ለእሱ ብቻ ተብሎ የሚጻፍ የትምህርትና የእገዛ እቅድ፣ እንዲዘጋጅለት ጠይቂ። ውለታ አይደለም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት ነው።

ነርስ ነኝ
መጀመሪያ ሆዱን ሐኪም ይየው። የሆድ ድርቀት ወይም የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ምንም ካልተገኘና ጭንቀቱ ከቀጠለ የካቲት 12 ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ። ጸበሉን ማንም አይከለክልሽም፤ ሕክምናውና ትምህርቱ ግን አይቋረጥ።

የሁለት ልጆች አባት
ባልሽ "ቤት ይቀመጥ" ሲል ማን ሊይዘው ነው? (ወንድ ሆኜ ነው የምናገረው።) ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን እሱ ይያዘው፣ አንቺ ተኚ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ ኦቲዝም ማዕከልም አዲስ አበባ ነው፤ ጎራ ብለሽ ለወላጅ ምን እንዳለ ጠይቂ።

ታላቅ እህት
ልጅቷስ? የኔም ወንድም ኦቲዝም አለበት። ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እኔ እሱን እጠብቅ ነበር። ሲሰድቡት ቤት አልናገርም፤ እማዬ ታዝናለች ብዬ። ጠባቂነቱን ከላይዋ ላይ አንሺላት፣ የአዋቂ ሥራ ነው። ከዚያ ለብቻዋ አድርገሽ ጠይቂያት።

እናት ከአያት
ጠየቅኋት። ለካ ታውቃለች! ትልልቅ ልጆች ሽንት ቤት ውስጥ በር ይዘጉበታል። "እንዳታለቅሺ ብዬ ነው" አለችኝ። ሐሙስ መምህሩ ቀጥሮኛል። ካርዱን ግን ሥዕል መሣል አልችልም፤ ምን ይሻላል?

የልዩ ፍላጎት መምህርት
እንደዚያማ ከሆነ ርዕሰ መምህሩም ሐሙስ ይገኝ። ካርዱ ብቻውን በር የሚዘጉትን አያስቆምም፤ ሲሄድ የሚሸኘው አዋቂ ይመደብለት። ለካርዱ የዚያኑ ሽንት ቤት በር በስልክሽ ፎቶ አንሺና አሳትሚ። ከላይ ፕላስተር ለጥፊበት፤ አለበለዚያ ላብ ያበላሸዋል።