ኮራል ባለበት ነባር አኳሪየም ውስጥ ፐርፕል ታንግ ለመጨመር ምክር እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ ከዱባይ

ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ያለው የጨው ውሃ አኳሪየም 180 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለውና 600 ሊትር የሚይዝ ሲሆን፣ ኮራሎቹ ደኅና አድገዋል፤ ዓሦቹ ሁለት ክላውንፊሾችና አንድ የሎው ታንግ (ቢጫ ታንግ የሚባለው ዓሣ) ናቸው። አሁን የቀይ ባሕሩን ፐርፕል ታንግ (ሐምራዊውን ታንግ) ለመጨመር አስቤያለሁ። የሱቁ ውሃ የጨው መጠን በሬፍራክቶሜትር (በጨው መለኪያ) ሲለካ 1.019 ነው፤ የእኔ ግን 1.025 ነው። ከረጢቱ ውስጥ የእኔን ውሃ ለረጅም ሰዓት እያንጠባጠብኩ ካለማመድኩት በኋላ በቀጥታ ብለቀው ይበቃል? የሎው ታንጉ እንዳይጎዳውም እሰጋለሁ።

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

በቀጥታ እንዳይለቁት አጥብቄ እመክራለሁ። ታንጎች ኢክ በተባለው የነጭ ነጠብጣብ በሽታ በቀላሉ ይያዛሉ፤ በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ በዓሣው ቆዳ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ ወርዶ አሸዋና ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይራባል፤ በዚህ ጊዜ በዓሣው ላይ የታዩት ነጫጭ ነጠብጣቦች ስለሚጠፉ ባለቤቱ ዓሣው የዳነ ይመስለዋል። ኢክ አንድ ጊዜ ዋናው አኳሪየም ከገባ አስተማማኝ ሆኖ የሚጠቀሰው መፍትሔ ዓሦቹን ሁሉ አውጥቶ አኳሪየሙን ለ76 ቀናት ያህል ያለ ዓሣ ማቆየት ነው። መዳብ ያለበት መድኃኒት ኮራሎችንና ሽሪምፖችን ስለሚገድል ዋናው ውሃ ውስጥ ሊጨመር አይችልም።

ስለዚህ አዲሱ ዓሣ መጀመሪያ በመዳብ የሚታከምበት፣ ለብቻው የሆነ ለይቶ ማቆያ አኳሪየም ያዘጋጁ። ማሞቂያ፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያና ዓሣው የሚደበቅባቸው የፕላስቲክ ቧንቧዎች ይበቁታል። ድንጋይና አሸዋ መዳቡን ስለሚመጡት አያስገቡ። የመድኃኒቱ መጠን እንደ ዓይነቱ ስለሚለያይ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ተከትለው በመዳብ መለኪያ ደጋግመው ያረጋግጡ፤ ከተባለው ካነሰ ተሕዋሱን አይገድልም፣ ከበዛ ዓሣውን ይጎዳል።

መልስ፦ ከፍራንክፈርት

ረጅም ሰዓት ማንጠባጠቡን እኔ አልደግፈውም። ዓሣው በታሸገ ከረጢት ውስጥ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ይወርዳል፤ ፒኤቹ ዝቅ እስካለ ድረስ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ በአብዛኛው ጉዳቱ አነስተኛ በሆነው በአሞኒየም መልክ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ግን ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹም ከፍ ይላል፤ አሞኒየሙም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይለወጣል። ከሩቅ አገር ተጭኖ የመጣ ዓሣ ከሆነ ይህ ለሞት ሊያበቃው ይችላል። ከከተማው ሱቅ ለሚመጣ ዓሣ አደጋው ቢቀንስም፣ የተሻለ መንገድ እያለ ለምን ይሞከራል?

የተሻለው የለይቶ ማቆያውን ውሃ አስቀድሞ 1.019 ላይ ማዘጋጀት ነው። ከረጢቱን ሳይከፍቱ ሙቀቱ እስኪስተካከል 20 ደቂቃ ያህል ያንሳፍፉት፤ ከዚያም ውሃውን በባልዲ ላይ በተቀመጠ የፕላስቲክ ማጥለያ አፍስሰው ዓሣውን ብቻ ያስተላልፉ። በታንግ ጅራት ሥር ያለው ስለታም እሾህ በመረብ ስለሚጠመድ መረብ አይጠቀሙ። የጨው መጠኑን ከዚያ በኋላ በቀን ከ0.001 እስከ 0.002 እየጨመሩ 1.025 ማድረስ ይቻላል።

መልስ፦ ከአቡ ዳቢ

ሁለቱ ወንድሞች ስለ ጤናው በደንብ ስለ ጻፉ እኔ ስለ ጠቡ ልናገር። የሎውና ፐርፕል ታንግ የአንድ ወገን ዓሦች ናቸው፤ ቅርጻቸው ይመሳሰላል፣ የሚግጡትም ያንኑ አልጌ ነው። በዚያ ላይ ፐርፕል ታንግ ራሱ ኃይለኛ ስለሆነ፣ ሌላ ዓሣ የመጨመር ሐሳብ ካለዎት እርሱን መጨረሻ ያስገቡት።

የለይቶ ማቆያ ጊዜውን ሲጨርስ ቀዳዳ ባለው የአክሪሊክ ሳጥን ውስጥ አድርገው ዋናው አኳሪየም ውስጥ ይስቀሉት። የሎው ታንጉ መጀመሪያ ክንፎቹን ዘርግቶ ጎኑን ያሳያል፤ ጅራቱንም ወደ ሳጥኑ እያዞረ በእሾሁ ለመምታት ይሞክራል። ይህን እስኪተው ድረስ ሳጥኑን አይክፈቱ፤ ከሳምንት በላይም ቢፈጅ ይታገሡ። ካልተወ ቦታቸውን ይለዋውጡ፤ ማለትም ነባሩን ሳጥን ውስጥ አስገብተው አዲሱን ይልቀቁት። እኔ ድንጋይ ከማዘዋወር ይህን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ኮራል የበቀለበትን ድንጋይ ማንቀሳቀስ ኮራሉን ይሰብራል። በሚለቁበት ዕለት መብራቱን አጥፍተው፣ ኖሪ (የደረቀ የባሕር አልጌ) በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ይስቀሉ።

ጠያቂው፦ ከዱባይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፤ አዲሱ ለይቶ ማቆያ ገና አሞኒያን የሚያስወግድ ባክቴሪያ የሌለው ስለሆነ አሞኒያውን በምን ልቆጣጠረው?

መልስ፦ ከቨርጂኒያ

ስፖንጁን ከዛሬ ጀምረው በዋናው አኳሪየም ማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ያስቀምጡትና ዓሣውን ከመግዛትዎ በፊት ጥቂት ሳምንታት ይጠብቁ፤ ባክቴሪያው ራሱ ይራባበታል። ከዚያ በኋላም አሞኒያውን በየቀኑ ይለኩ፤ ከታየ ከውሃው ከፊሉን ይቀይሩ፣ በምትኩ የሚገባው ውሃም እኩል የጨው መጠንና እኩል መዳብ ይኑረው። መዳብ የነካውን ስፖንጅ ግን ወደ ዋናው አኳሪየም አይመልሱት።