ፓይተን ላይ የጻፍኩት ታይፕ ለምን አያስገድድም?

ጠያቂ፣ ደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ ገበያ ላለው የአጎቴ ሱቅ ትንሽ የሽያጭ መመዝገቢያ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እየሠራሁ ነው። ብዛት የሚለው ቫሪያብል (ዋጋ መያዣ ስም) ቁጥር ብቻ እንዲይዝ ብዬ ከስሙ ቀጥሎ ሁለት ነጥብና ታይፑን (የዳታውን ዓይነት) ኢንት፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ ብዬ ጻፍኩ። ትናንት አጎቴ 3 ኪሎ ስኳር አስገባ። ዋጋው በኪሎ 120 ብር ነው። 360 ሲጠበቅ ስክሪኑ ከዳር ዳር 333333 ሆነ! ኢረር እንኳ የለም። ታይፑን ጽፌ ካላስከበረልኝ ምን ሊሠራልኝ ነው? የሚያስገድድ ቋንቋ ልቀይር?

መልስ 1፣ ኮምቦልቻ
አብሽር ወንድሜ። ሦስቶቹን ብትቆጥራቸው ልክ 120 ናቸው። ኢንፑት የሚለው ትእዛዝ ከኪቦርድ የሚያመጣልህ ሁሌም ስትሪንግ (ጽሑፍ) ነው፣ ፓይተን ደግሞ ስትሪንግን በቁጥር ስታባዛው ያንኑ ጽሑፍ ይደጋግመዋል። ታይፑ ለሚያነብ ሰውና ለመፈተሻ የተተወ ምልክት ነው እንጂ ኮዱ ሲሮጥ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ማይፓይ የሚባለውን የታይፕ መፈተሻ ጫንና አስፈትሸው፣ ሳይሮጥ ይይዝልሃል።

መልስ 2፣ ወልድያ
እኔ ፒኤችፒ በሚባለው ቋንቋ ነው የምጽፈው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 7ኛው ስሪት ጀምሮ ፋይሉ አናት ላይ ስትሪክት ታይፕስ 1 ብለህ ታውጃለህ። ካላወጅክ ኢንት ለሚጠብቅ ፈንክሽን 3 የሚል ስትሪንግ ብትሰጠው ዝም ብሎ ቁጥር ያደርገዋል፣ ካወጅክ ግን ኢረር ሰጥቶ ይቆማል። ችግሩ በየፋይሉ መጻፍ አለብህ። አንድ ጊዜ አንዷን ፋይል ረስቼ ግማሽ ቀን ስፈልግ ዋልኩ። ለእኔ ጥብቅነቱ ከመጀመሪያው መኖር ነበረበት፣ መላላት የፈለገ ነው መጻፍ ያለበት።

መልስ 3፣ ደሴ
ኧረ ቋንቋ አትቀይር ወንድሜ! ታይፕ የሚጻፍበት ታይፕስክሪፕት የሚባለው ቋንቋም ወደ ጃቫስክሪፕት ሲቀየር ታይፖቹ ይጠፋሉ። ጃቫና ጎ የሚባሉት ቋንቋዎች እውነት ነው ስትሪንግ ለኢንት ብትሰጥ ኮምፓይል አያደርጉልህም፣ ማለትም ኮዱን ለመሮጥ አያዘጋጁልህም። ግን አጎትህ በፊደል «ሦስት» ብለው ቢጽፉስ? እሱን የትኛውም ቋንቋ በታይፕ ብቻ አያድንህም። ከኪቦርድ የመጣውን እዚያው ስትቀበለው ወደ ኢንት ቀይር፣ ካልተቀየረ እንደገና ጠይቃቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማይፓይ ይጠብቅልህ።

ጠያቂ፣ ደሴ
የደሴዋ እህቴ፣ ሁላችሁም፣ ኑሩልኝ። ማይፓይ ገና ስነካው መስመር 14 ላይ ስትሪንግ ለኢንት ሰጥተሃል አለኝ። ኢንፑቱን ኢንት ውስጥ ከተትኩት፣ 360 መጣ። አጎቴ ወዲያው 0.5 ብሎ ግማሽ ኪሎ ቡና ሊያስገባ ሲል ግን አልቀበልም አለ። ለኪሎው ዴሲማል ይሻላል ወይስ ሁሉንም በግራም ልያዘው?