ክርክር፦ የሰንበት ጸሎታችን ከቄሶቻችን ጋር ይሁን ወይስ በሰፈሩ ምኩራብ?

የክርክሩ መነሻ፦ እስራኤል የምንኖር ቤተ እስራኤሎች (ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁድ) በሰንበት ልጆቻችንን ይዘን ወዴት እንሂድ? ቄሶች፣ የቤተ እስራኤል የሃይማኖት መሪዎች፣ በግእዝ ወደሚመሩት ጸሎት ቤታችን ወይስ በዕብራይስጥ ወደሚጸለይበት የሰፈር ምኩራብ?

እናት፣ ከነታንያ፦ ወደ ቄሶቻችን ነዋ! ጸሎቱ ሲያበቃ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፤ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ይዳረሳል። ከዚያም ማንም ተነሥቶ አይሄድም። የታመመ ሰው ወሬው ይጠየቃል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት ካሉ ሽማግሌዎች ይያዙላቸዋል፣ ልጅ የወለደች ትመረቃለች። በሰፈሬ ምኩራብ ግን ስንት ዓመት ከኋላ ስቀመጥ ስሜን የጠየቀኝ የለም።

ወጣት አባት፣ ከአሽዶድ፦ እናቴ፣ ያሉትን አከብራለሁ። እኔ ግን በሕፃንነቴ መጥቼ በሃይማኖት ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝ፤ ግእዝ አልሰማም። አባቴ ያረፈ ጊዜ ካዲሽ፣ ለሟች የሚባለውን ጸሎት፣ ለማለት ዐሥር ወንዶች ያስፈልጉ ነበር። ሰባቱን የሐዘን ቀናት ጠዋትና ማታ ሳሎኔ ውስጥ የቆሙት የምኩራቡ ሰዎች ናቸው፣ ከሞሮኮ የመጡትም ከየመን የመጡትም። አንዱ ከሌሊት ሥራ ሲወጣ ዩኒፎርሙን እንኳ ሳይቀይር ይመጣ ነበር። እነዚህ ወገኖቼ አይደሉም ልበል?

የቄስ ልጅ፣ ከኢየሩሳሌም፦ አትበል፣ ወንድሜ። የእኔ ቅሬታ በጎረቤቶችህ ላይ አይደለም። የያኔው የሴፋርዲም ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 እ.ኤ.አ. አይሁድነታችንን አረጋግጠው ሳለ፣ ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶም ወገኖቻችን ከጋብቻ በፊት ወደ አይሁድነት እንደ አዲስ እንደሚገባ ሰው ሚቅቬ፣ የመንጻት ውኃ፣ ውስጥ እንዲጠልቁ ጠየቀ። በ1985 እ.ኤ.አ. አባቶቻችን በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው የተቃወሙት ለዚህ ነው። ጎንደር ውስጥ ሲያጋቡ፣ ሲፈቱ፣ ሲፈርዱ የኖሩ ቄሶች እዚህ እንደ ረቢ ማጋባት አልተፈቀደላቸውም። «አንድ እንሁን» ሲሉን ቄሶቻችንን ከደጅ ትተን እንድንገባ ከሆነ፣ እኔ አልገባም።

ወጣት አባት፦ በደሉን አልክድም። ነገር ግን ስግድን፣ የጾምና የጸሎት በዓላችንን፣ ተመልከት። የእስራኤል ምክር ቤት ክኔሴት በ2008 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፤ በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ያለው አርሞን ሃናጺቭ በሕዝብ ይሞላል። ቄሶች በጥላ ሥር ኦሪቱን ይዘው በግእዝ ያነባሉ፣ እናቶች እጃቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ዘርግተው ያለቅሳሉ። እኛ ወጣቶቹስ? ከኋላ ቆመን ከጓደኞቻችን ጋር እንጨዋወታለን። ጎንደር ባለችው መንደራችን በአምቦበር ጾሞ ተራራ የወጣው ሰው የሚነበበው ይገባው ነበር። እኛ ፍቅሩ አለን፤ ቃሉ ግን የለንም።

የቄስ ልጅ፦ እንግዲያው ቃሉን እንስጣችሁ። አባቴ ኦሪቱን በግእዝ አንብቦ ወዲያው በአማርኛ ይተረጉም ነበር፤ ሕዝቡ የሚገባው በዚያ ነው። ዛሬ በዕብራይስጥ ቢተረጎም ሥርዓት ፈረሰ አይባልም። ግእዙን በዕብራይስጥ ፊደል፣ ትርጉሙን ከጎኑ አትመን እናድል። እዚሁ የተሾሙ ወጣት ቄሶች አሉ፤ እነርሱ ይምሩት።

እናት፦ ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጸሎቱን ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ልጆቹን አምጣቸው፣ ከጎኔ ይቁሙ።

ወጣት አባት፦ ወረቀቱ ከታተመ አመጣቸዋለሁ። በአዘቦት ቀን ግን ከምኩራቡ አልቀርም፤ አሁን ደግሞ ሐዘን የተቀመጠው ያ ዩኒፎርም ለባሹ ጎረቤቴ ነው፣ ከዐሥሩ አንዱ እኔ ነኝ።