ጫጩቶቼ በተቅማጥ እያለቁብኝ ነው፤ ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ ስንት ልስጣቸው?

ጫጩት ከቦኩ፦ ሰላም የአዳማ አርቢዎች፣ ፍጠኑልኝ! ከትናንት ወዲህ 7 ሞቱብኝ። ሌሎቹም ክንፋቸውን ጥለው ተኮራምተዋል፤ ያስቀምጣቸዋል። ነጭ ሽንኩርትና ጦስኝ የአንጀት ባክቴሪያ ይከላከላል ሲሉ ሰምቼ አንድ ላይ አፍልቼ በውሃቸው እየሰጠሁ ነው። መጠኑ ስንት ነው? እሬትስ ልጨምር? አንቲባዮቲክ ማስለመድ አልፈልግም።

የአዋሽ ልጅ፦ አረቄ ጠብ አድርጊበት። ባይድኑም ሞቅ ብሏቸው ይሄዳሉ።

እማማ ዶሮ፦ ይሄ ምኑ ያስቃል? ልጄ፣ እኔም ነጭ ሽንኩርት እሰጣለሁ። ግን ቀጥቅጬ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፌ። ማን አፍዪ አለሽ?

መምህሩ፦ እማማ ልክ ናቸው። ባክቴሪያን የሚገታው አሊሲን የሚባል ነገር ነው። ነጭ ሽንኩርቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይቀመጥም፤ ሲቀጠቀጥ ነው የሚፈጠረው። እንዳለ ከፈላ የሚፈጥረው ኢንዛይም ሥራ ሳይጀምር ያበቃለታል። ጦስኝ ደግሞ ታይሞልና ካርቫክሮል አለው፤ የባክቴሪያን ሽፋን ያበላሻሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለማፋፊያ ተብሎ አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እንዲህ ያሉ የዕፅዋት ዘይቶች በጣም ተፈላጊ ሆነዋል። ግን ዘይቱ ተናኝ ነው። ሳትከድኚ ካፈላሽው ጥቅሙ ለጎረቤት ነው የደረሰው።

ሰጋቱራ፦ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ባክቴሪያ መሆኑን ግን ማን ነገራት? ዕድሜያቸው ስንት ነው? ኩሳቸው ምን ይመስላል? የሳምንት ጫጩት ሆነው ነጭ ኩስ ቂጣቸው ላይ ከተለጠፈ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራል፤ እሱ ከእናቲቱ በእንቁላል ሊመጣ ይችላል። አረንጓዴ ሆኖ አንገት ከጠመዘዘ ፈንግልን ፍሪ፤ ፈንግል ቫይረስ ነው። ደም ካለው ኮክሲ (ኮክሲዲዮሲስ) ሊሆን ይችላል፤ ኮክሲም የሚመጣው ከአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ነው እንጂ ከባክቴሪያ አይደለም።

ቆርቆሮ ቤት፦ ምንም በሽታ የለም። በዚህ ሙቀት ውሃ ሲጠጡ እየዋሉ ኩሳቸው ቢቀጥን ምን ይገርማል? ጥላ ሥሪላቸው።

ጫጩት ከቦኩ፦ ሙቀት ነው ሰባቱን የገደለው? ሌሊት እኮ ነው የሞቱት! ይቅርታ፣ ዕድሜያቸውን ረሳሁት፤ 4 ሳምንታቸው ነው። ከቢሾፍቱ ነው ያመጣኋቸው። ሻጩ የፈንግል ክትባት ወስደዋል ብሎኛል። ኩሱ ቡናማ ነው። አንዳንዱ ላይ ቀይ አይቻለሁ፤ ቲማቲም ስለሰጠኋቸው እሱ መስሎኝ ነበር።

ሰጋቱራ፦ ቲማቲም! እህቴ፣ ያ ደም ነው የሚመስለው። የሞተውን በፌስታል አድርገሽ አሁኑኑ እንስሳት ክሊኒክ ውሰጂ። ሲከፍቱት አንጀቱ መጨረሻ ያሉት ሁለት ከረጢቶች ደም ከሞሉ ነገሩ ግልጽ ነው። ለኮክሲ አምፕሮሊየም በውሃ ይሰጣል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይንገርሽ። የታመሙትን ለይ። እርጥቡን ጉዝጓዝ ጥረጊና ደረቅ አንጥፊ፤ ኮክሲ እርጥበት ይወዳል። ጦስኙን ለሚቀጥለው ዙር አቆዪው፤ ያኔም ጤነኛ ሳሉ ነው የሚጀመረው።

ሀብታሙ እንቁላል፦ ነጭ ሽንኩርት ሞክሪ። ፍቱን ነው።

ሰጋቱራ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ እንጂ!

ጫጩት ከቦኩ፦ የሞቱትን ጥያቸዋለሁ እኮ። ቆይ፣ አሁን ስምንተኛው ሞተ። እሱን ይዤ እየወጣሁ ነው።

እማማ ዶሮ፦ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ልጆቹም አይንኳቸው።

መምህሩ፦ እህታችን፣ ሦስት ቀን ሆነ። ምን ተገኘ?

የአዋሽ ልጅ፦ የተረፉት ቄብ ሲሆኑ ትሸጫለሽ? አንዷ ስንት ናት?