በስኩባ ዳይቪንግ ትምህርት የግፊት ስሌት ላይ እርዳታ እፈልጋለሁ

በእስራኤል ኤይላት ከተማ የምኖር ስሆን፣ በቀይ ባሕር ለመጥለቅ የሚያስችለኝን የመጀመሪያ ደረጃ የስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ሲሊንደር ይዞ በውኃ ውስጥ የመጥለቅ) ምስክር ወረቀት ለማግኘት የንድፈ ሐሳቡን ክፍል በኢንተርኔት እየተማርኩ ነው። ስለ መሣሪያዎቹና ጆሮን ከግፊት ስለ መጠበቅ የሚያስረዱትን ምዕራፎች ያለ ችግር ጨርሻለሁ፤ የግፊትና የአየር መጠን ግንኙነት ላይ ስደርስ ግን መልመጃውን ሦስት ጊዜ ወድቄ እዚያው ቆሜአለሁ።

እንደተረዳሁት፣ በውኃው ገጽ ላይ 1 ባር (የግፊት መለኪያ) ያህል የሆነው ግፊት በየ10 ሜትሩ 1 ባር ስለሚጨምር በ10 ሜትር 2፣ በ30 ሜትር ደግሞ 4 ባር ይሆናል። ጥያቄው በ10 ሜትር ላይ 6 ሊትር አየር የያዘ ፊኛ ወደ 30 ሜትር ቢወርድ መጠኑ ስንት ይሆናል የሚል ነው። እኔ 6ን ለ4 አካፍዬ 1.5 ሊትር ብዬ ስመልስ፣ ትክክለኛው መልስ 3 ሊትር መሆኑ ተነገረኝ።

መነሻው የውኃው ገጽ በማይሆንበት ጊዜ ስሌቱ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ፣ ወደ ላይ ስንወጣም ያው ዘዴ ያገለግል እንደሆነ የምታውቁ በትሕትና እንድታስረዱኝ እጠይቃለሁ።